ዋሽንግተን ወይስ ሲያትል ይቅደም? የሁለት ከተሞችን የማርች አየር አነጻጽሮ ጉዞ ማቀድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ግማሾቹ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ግማሾቹ ሲያትል ሆነው ሲያገኛቸው ቀድሞ የሚነሣበት ጥያቄ የትኛው ከተማ ይቅደም የሚል ነው። ጉዞው በፀደይ መግቢያ ከሆነ መልሱን በአብዛኛው የሚወስነው አየሩ ነው። የአየር ሰንጠረዦች የሚዘጋጁት በፈረንጆች ወር ስለሆነ በመጀመሪያ ቀኖቹን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ማርች ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ የመጋቢት የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ኤፕሪል ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በዋሽንግተን የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከማርች መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ባሉት ሳምንታት በአማካይ 5 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና የአሥር ቀን ስሕተት የልብስ ስሕተት ያስከትላል።

ቀጥሎ የሚታየው የ30 ዓመት አማካይ ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር (NOAA) ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለውን መዝገብ መሠረት አድርጎ የሚያወጣው አኃዝ ከአንድ ዓመት ትዝታም ሆነ ዘመድ በስልክ «ዘንድሮ ሞቅ ብሏል» ከሚለው ወሬ የተሻለ መነሻ ነው። በዚህ መዝገብ መሠረት በማርች የዋሽንግተን የቀን ሙቀት በአማካይ ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሌሊቱ ወደ 4 ይወርዳል፤ የሲያትል ቀን ወደ 12፣ ሌሊቱም ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ነው። ቁጥሩ በፋራናይት ከቀረበ 30 ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ለዚህ ወቅት የሚበቃ ግምት ይሰጣል።

አኃዞቹን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ ከተሞች አንድ ናቸው ብሎ አንድ ዓይነት ሻንጣ ያሰናዳል። ብዙ ተጓዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አማካይ ሙቀት አየሩ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ አይናገርም። ዋሽንግተን በዚህ ወር ከካናዳ በሚወርድ ደረቅ ቅዝቃዜና ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚመጣ እርጥብ ሙቀት መካከል ትዋልላለች። ሁለቱ በተፈራረቁ ቁጥር አየሩ በሰዓታት ውስጥ ይገለበጣል፤ እኩለ ቀን ላይ በሸሚዝ ሲንሸራሸር የዋለ ሰው ማምሻውን ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ነፋስ ሲያገኘው ካፖርት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በማርች 1990 አጋማሽ የከተማዋ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በማርች 2014 አጋማሽ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ በረዶ ወርዶባታል። ሁለቱም ያው «14 ዲግሪ» የሚባለው ወር ናቸው።

ሲያትል እንዲህ አይደለችም። ነፋሱ የሚመጣት ከሰላማዊ ውቅያኖስ ስለሆነና የውቅያኖሱ ውኃ ሙቀት በቶሎ ስለማይለዋወጥ የዛሬው አየር የትናንቱን ይመስላል፤ በማርች ከ20 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ብርቅ ነው፤ በከተማው ውስጥ በረዶ መጣልም እንዲሁ። ፈተናው ዝናቡ ነው። በዚህ ወር በሲያትል ወደ 17 በሚሆኑ ቀናት፣ በዋሽንግተን ግን ወደ 11 በሚሆኑት ይዘንባል። ይሁን እንጂ የዓመቱ የዝናብ መጠን ሲደመር ዋሽንግተን ሲያትልን በጥቂቱም ቢሆን ትበልጣለች፤ ይህን የሲያትል ሰው ለእንግዳ ሲነግር ደስ ይለዋል። የሲያትሉ ዝናብ በአብዛኛው ካፊያ ነው፤ መነጽር ላይ ያርፋል፣ የሱሪ ጫፍ ያረጥባል፣ ለአፍታ ቆሞ እንደገና ይጀምራል። ነዋሪው ጃንጥላ ከመያዝ ይልቅ ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት ለብሶ ይወጣል፤ እንግዳውም እንዲሁ ቢያደርግ ይቀለዋል። በመሆኑም ሁለት ከተሞች ሲነጻጸሩ የሚሊ ሜትሩን ድምር ትቶ የሚዘንብባቸውን ቀናት ቁጥር ማየት ይበልጥ ይጠቅማል።

የመለኪያ ጣቢያው የት እንዳለ ማወቅም ተገቢ ነው። የዋሽንግተን ተብሎ የሚጠቀሰው ሙቀት የሚለካው ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ደለስ ግን ከከተማው ራቅ ብሎ በምዕራብ በኩል ስለሚገኝ ጥርት ባለ ሌሊት ከወንዙ ዳር በጥቂት ዲግሪዎች ይቀዘቅዛል፤ በቨርጂኒያ ወጣ ያሉ ሰፈሮች የሚያርፍ እንግዳ የሌሊቱን አኃዝ ዝቅ አድርጎ ቢያስብ ይሻላል። ሲያትልም ብትሆን ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወደ 920 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የስኖኳልሚ መተላለፊያ በማርች ገና በረዶ ስለሚጥልበት በመኪና ተራራውን ለመሻገር የሚያስብ ሰው የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ማጣራት አለበት።

ብዙዎች በዚህ ወቅት ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት ለቼሪ አበባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ ከተማ በስጦታ የመጡት ዛፎች ዘሮችና ተተኪዎች ታይዳል ቤዝን በሚባለው የከተማው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ ሲያብቡ፣ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ዮሺኖ ከሚባለው የቼሪ ዓይነት አበባ 70 በመቶው የፈካበትን ቀን የአበባው ጣሪያ ብሎ ይመዘግባል። ቀኑ ብዙውን ጊዜ የሚውለው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ መካከል ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሞቃት 1990 በማርች 15፣ በ1958 ደግሞ በኤፕሪል 18 ውሏል። በ2017 ሊፈካ የተቃረበውን አበባ ግማሽ ያህሉን የማርች ውርጭ አቃጥሎታል። ስለዚህ ከወራት በፊት በተቆረጠ ቲኬት አበባውን ለማየት መወሰን ዕድልን መሞከር ነው፤ ዘመድን ለመጠየቅ ሄዶ አበባው ከተገኘ ማየት ይሻላል። የዮሺኖ ዛፍ ሲያትል ባለው፣ ስሙን ከዋሽንግተን ግዛት በወሰደው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢም አለ፤ እዚያም የሚያብበው በማርች ማብቂያ አካባቢ ነው።

የቀኑ ርዝመት በማርች በሁለቱ ከተሞች ብዙም ስለማይለያይ በዚህ ረገድ አንዱን ከአንዱ ማስቀደም አያስፈልግም። ሰዓቱ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ በዚያ ሌሊት በረራ ያለው ሰው ልብ ይበል።

ለሁለቱም ከተሞች ሦስት ሳምንት ያለው ተጓዥ በእኔ ግምት ከሲያትል ቢጀምር ይጠቀማል። ዋሽንግተን በፍጥነት ትሞቃለች፤ በኤፕሪል የቀኑ አማካይ ወደ 20 ዲግሪ ሲወጣ ሲያትል 15 ላይ ትቀራለች። ሲያትል በማርች አጋማሽ ከታየች የሚቀርባት ጥቂት ነው፤ ለዋሽንግተን ግን እያንዳንዱ የዘገየ ሳምንት ትርፍ ነው። ደለስ ላይ አርፎ በዚያው ቀን ወደ ምዕራብ የሚቀጥል ቲኬት ከተገኘ ጉዞው አድካሚ ቢሆንም በመልሱ ዋሽንግተን ላይ ረጋ ብሎ መሰንበት ይቻላል። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ደለስ አቅራቢያ ቢያርፍ እመርጣለሁ።

ሻንጣው የሚዘጋው ከመነሻው አምስት ቀን በፊት የወጣውን ትንበያ አይቶ ነው፤ እስከዚያ ርቀት ትንበያው በአብዛኛው ይታመናል፤ ከአሥር ቀን በላይ ያለውን ግን ለልብስ ምርጫ እንኳ መከተል አያዋጣም። ለሲያትል አንድ ጥሩ የዝናብ ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይበቃል። ለዋሽንግተን ግን ሸሚዝ፣ ሹራብና ነፋስ የሚመክት ካፖርት ተደራርበው የሚለበሱና በቀላሉ የሚወልቁ ሆነው መያዝ አለባቸው።