ፍላይ ፊሺንግ ለመጀመር፦ ከዘንጉ በፊት ክሩን መጠበቅ ልመዱ

ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ አሳ ማጥመድ፣ ልጀምር የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ዘንግ ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም ከዚያው ነው የጀመርኩት። ዘንጉን ገዛሁ፣ ወንዝ ወረድኩ፣ ገና በሦስተኛው ውርወራ መንጠቆውን የራሴ ኮፍያ ላይ ሰካሁት። ኮፍያ ባላደርግ ኖሮ ጆሮዬ ነበር። ስለዚህ ዕቃው ይቆየን፤ ቅድሚያ አንድ ነገር እንግባባ።

በተለመደው አሳ ማጥመድ የሚወረወረው ክብደቱ ነው። መንጠቆው አጠገብ እርሳስ ይታሰራል፣ እሱ ሲወነጨፍ ቀጭኑን ክር ይዞት ይሄዳል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ከላባና ከጸጉር የተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው፤ እፍ ቢሉት ይበራል። ክብደት ያለው ወፍራሙ ክር ስለሆነ የሚወረወረውም ክሩ ራሱ ነው፣ ዝንቡ ተጎትቶ ነው የሚሄደው። ይህ ከገባችሁ ጉልበት ለምን እንደማይረዳችሁና ወደ ኋላ ወርውሮ መጠበቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው ይገባችኋል።

አሁን ወደ ዕቃው። ዘንግም ክርም በቁጥር ይለካሉ፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይከብዳል። እንደ ትራውት ላሉ የወንዝ አሳዎች 9 ጫማ ርዝመት ያለው 5 ቁጥር ዘንግ ይበቃችኋል። ክሩም 5 ቁጥር ይሁን፣ የሚንሳፈፍ ዓይነት። ሪሉ ለትንንሽ አሳ ከክር መጠቅለያነት ብዙም ስለማያልፍ ገንዘባችሁን እሱ ላይ አትጨርሱ፤ ክሩ ጥሩ ይሁን። ከወፍራሙ ክር ጫፍ ሊደር የሚባል፣ እየቀጠነ የሚሄድ 9 ጫማ ገደማ ናይለን ይታሰራል። ከሊደሩ ጫፍ ደግሞ ቲፔት የሚባል ቀጭን ክር ይቀጠላል፤ ዝንቡ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው።

ቲፔት በኤክስ ይለካል፣ እና እዚህ ጋ ሁሉም ጀማሪ ይምታታበታል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ክሩ ይቀጥናል። 5 ኤክስ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የመንጠቆ ቁጥርም እንደዚሁ ነው፣ 18 ቁጥር ከ12 ያንሳል። ቀላሉ ስሌት የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 ማካፈል ነው፦ 14 ቁጥር ዝንብ ከሆነ 5 ኤክስ ቲፔት።

ዝንብ በብዛት አትግዙ። ለውሃው ላይ አዳምስና ኤልክ ሄር ካዲስ፣ ከውሃው ሥር ለሚሄድ ፌዛንት ቴይል፣ ትንሽ አሳ መስሎ ለሚጎተት ዉሊ በገር፤ አለቀ። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውሃው ሥር ስለሆነ፣ ላይ ላዩን ምንም ካልነካችሁ ወደ ፌዛንት ቴይል ቀይሩ።

ዝንቡን ለማሰር አንድ ቋጠሮ ይበቃል። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉት፣ በራሱ ላይ 5 ጊዜ ጠምዝዙት፣ ጫፉን ቀዳዳው አጠገብ ባለችው ቀለበት አስገቡት፣ ከዚያ አሁን በተፈጠረችው ትልቋ ቀለበት መልሱት። ከመሳባችሁ በፊት በምራቃችሁ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በሰበቃው ሙቀት ይደክማል፣ ከዚያ አሳው ሲመጣ ይበጠሳል።

ውርወራውን ወንዝ ላይ አትማሩት። ሣር ላይ ውጡ፣ በዝንቡ ፋንታ ቁራጭ የሱፍ ክር እሰሩ። አውራ ጣታችሁ ከመያዣው ላይ ይሁን። የዘንጉን ጫፍ ወደ መሬት አውርዱ፣ የላላውን ክር ሰብስቡ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ጀምራችሁ እያፈጠናችሁ አንሱት፣ ዘንጉ ቀጥ ካለ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ሲያልፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ከዚያስ? ጠብቁ። ዞር ብላችሁ እዩት፣ ማንም አይስቅባችሁም። ክሩ ከኋላችሁ ሊዘረጋ ሲል ወደ ፊት አፍጥኑ፣ እንደገና በድንገት አቁሙ፣ ክሩ ሲዘረጋ የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርጉ። እንደ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩላችኋል ማለት ነው፤ ወንዝ ላይ ቢሆን ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል። ክሩ በረዘመ ቁጥር ጥበቃውም ይረዝማል። ክሩ ከኋላ መሬት እየነካ ካስቸገረ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ አንጓችሁ ነው፣ ወደ ኋላ እየታጠፈ ነው፤ የዘንጉን መቀመጫ እጅጌያችሁ ውስጥ ሸጎጥ አድርጋችሁ ሞክሩ። በቀን 15 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ሙሉ ቀን ከመንከራተት ይሻላል።

ወንዝ ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ። ትራውት ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አድርጎ ነው የሚቆመው፣ ምግብ ከዚያ ስለሚመጣለት። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ቅረቡ። ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበትን መስመር፣ የትልቅ ድንጋይ ጀርባን ፈልጉ፤ አሳው ጉልበቱን ሳያባክን ምግብ የሚያገኘው እዚያ ነው። አንድ ድንጋይ ገልብጡና ሥሩ የተጣበቁትን እጮች እዩ፣ በመጠንና በቀለም የሚቀርባቸውን ዝንብ እሰሩ። ዝንቡ ከውሃው ጋር እኩል መሄድ አለበት። ወፍራሙን ክር ፈጣን ውሃ ከጎተተው ዝንቡም ይጎተታል፣ አሳውም ይነቃል። ያኔ ዘንጉን አንስታችሁ የክሩን ሆድ ወደ ላይኛው ውሃ ገልበጥ ማድረግ ነው።

መነጽርና ኮፍያ ሁሌም አድርጉ፣ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የምታጠምዱበት ቦታ ፈቃድና ወቅት ካለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቁት፤ ከአሳውም ከእናንተ ቆዳም በቀላሉ ይወጣል።

አሳው ሲነካ ዘንጉን አንሱ እንጂ አትመንጭቁ። ሊሮጥ ሲፈልግ ክር ልቀቁለት፣ ሲቆም ሰብስቡ። የምትለቁት ከሆነ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ፣ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋል። ከውሃ ሳታወጡት መንጠቆውን ንቀሉ፣ ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አድርጋችሁ ያዙት፣ ራሱ ሲወራጭ ልቀቁት። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ትራውት ቶሎ ስለሚደክም የዚያን ቀን ባታጠምዱ ይሻላል። አሳው ከሄደ በኋላ ቲፔቱን በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉት። ሻካራ ቦታ ወይም በውርወራ የተፈጠረ ትንሽ ቋጠሮ ካገኛችሁ ቁረጡና እንደገና እሰሩ።