የጀርመን ዜግነት እንዴት ይጠየቃል? ከማመልከታችሁ በፊት ስማችሁንና ልደታችሁን አስተካክሉ

ጀርመን ውስጥ ዓመታት ኖራችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አስገብታችሁ ዛሬም በመኖሪያ ፈቃድ የምትኖሩ ከሆነ፣ ዜግነት መጠየቅ ከበፊቱ ቀሏል። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው የቆይታ ጊዜ ከ8 ዓመት ወደ 5 ወርዷል። የድሮ ዜግነታችሁን ተዉ የሚለው ግዴታም በጀርመን በኩል ቀርቷል። በ3 ዓመት ያስጨርስ የነበረው ፈጣን መንገድ ግን በ2025 ተሰርዟል። እሱን የሚያወሩ የቆዩ ቪዲዮዎች አሁንም ይዞራሉ፤ አትስሟቸው። 3 ዓመት የሚበቃው የጀርመን ዜጋ ላገባ ሰው ነው፣ ያውም ትዳሩ 2 ዓመት ከሞላው።

መጀመሪያ፦ ኢትዮጵያስ ምን ትላለች?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጀርመን ሁለት ዜግነት ፈቀደች ማለት ኢትዮጵያ ፈቀደች ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሁለት ፓስፖርት ይዞ መዞር አይታሰብ።

በምትኩ ያለው ቢጫ ካርድ ነው፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት በስሙ ይይዛል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። በመከላከያ፣ በደህንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ብዙ ነገር ይሸፍናል፣ ግን ዜግነት አይደለም። አገር ቤት በስማችሁ ንብረት ወይም ድርጅት ካለ ከማመልከታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ማመልከት ግዴታ የለባቸውም፤ አንዱ ወስዶ ሌላው ሊቆይ ይችላል።

ዓመታቱን ቁጠሩ

የሚቆጠረው በሕጋዊ ፈቃድ የኖራችሁበት ጊዜ ነው። ዱልዱንግ፣ ማለትም ከአገር መባረርን ለጊዜው የሚያዘገየው ወረቀት፣ አይገባም። ጥገኝነት ጠይቆ እንደ ስደተኛ እውቅና ያገኘ ሰው ግን መልስ ሲጠብቅ የቆየበት ጊዜም ይታሰብለታል። ለትምህርት ብቻ በተሰጠ ፈቃድ ላይ ሆኖ ማመልከት አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ ሥራ ወይም ወደ ቤተሰብ ፈቃድ መዞር ያስፈልጋል። አገር ቤት ሄዳችሁ ከ6 ወር በላይ ከቆያችሁ ቆጠራው ሊቋረጥ ስለሚችል፣ የቆዩ ፓስፖርቶቻችሁን አትጣሉ። የመግቢያና የመውጫ ማህተሙ ማስረጃ ነው።

ዋናው ጣጣ፦ ስምና ልደት

የሐበሻ ፋይል የሚንጓተተው ባብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የዜግነት ቢሮው ከሁሉ በፊት ማንነታችሁ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አበበ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው በፓስፖርቱ «ወልዴ» የቤተሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል፣ በመኖሪያ ካርዱ «ከበደ»፣ በጋብቻ ወረቀቱ የአያት ስም ጭራሽ የለም። በላቲን ፊደል አጻጻፉም በየወረቀቱ ይለያያል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ፋይሉን ለያዘችው ሠራተኛ ግን ሦስት ሰው ሊመስላት ይችላል።

ልደቱም እንደዚያው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1980 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1988 ተወለደ ማለት ነው። ሚያዝያ ስምንተኛ ወር ስለሆነ አንዱ 27/08/1980 ብሎ ይጽፈዋል፤ ጀርመኑ ሲያነበው ኦገስት 27 ቀን 1980 ይሆናል። ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ማመልከቻውን ከመሙላታችሁ በፊት ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ፓስፖርት፣ መኖሪያ ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ወረቀት። ስምና ቀኑን አንድ በአንድ አመሳክሩ። የማይገጥም ካለ ከምንጩ አስተካክሉ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ በርሊን ኤምባሲ ወይም ፍራንክፈርት ቆንስላ፣ ሌላው ከሆነ ወረቀቱን የሰጠው አካል ዘንድ። ትርጉሙን ለመሐላ ተርጓሚ ስጡ፣ ያው አንድ ተርጓሚ ሁሉንም ቢሠራው ይመረጣል፤ አለዚያ አጻጻፉ እንደገና ይለያያል። የኢትዮጵያ ሰነድ እውነተኛነቱ እዚያው አገር ቤት እንዲጣራ ሊጠየቅ ይችላል፣ ይህም ወራት ይፈጃል። ፓስፖርት ማውጣት የማይችል ስደተኛ በር አይዘጋበትም፤ በልደት፣ በትምህርትና በመሳሰሉት ማስረጃዎች ማንነቱን ማስረዳት ይችላል።

ቋንቋና ፈተና

ቢ1 የሚባለው የመካከለኛ ደረጃ የጀርመንኛ ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። የዜግነት ፈተናው ደግሞ 33 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ ነው፤ 17 ከመለሳችሁ አለፋችሁ። ክፍያው 25 ዩሮ። የሚወጡት ጥያቄዎች ሁሉ ቀድመው የታወቁ ናቸው፦ 300 አጠቃላይና ለየክፍለ ግዛቱ 10፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ከ33ቱ ሦስቱ የምትኖሩበትን ክፍለ ግዛት የሚመለከቱ ናቸው። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ያጠና ሰው አይቸገርም። ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤት የጨረሰ ከፈተናው ነፃ ነው። በኢንቴግራሽን ኩርስ (ለአዲስ መጤዎች በሚሰጠው የቋንቋና የአገር ትውውቅ ትምህርት) መጨረሻ የተፈተናችሁት «ሌበን ኢን ዶይችላንድ» የሚባለው ፈተናም ነጥቡ ከበቃ ያገለግላል፤ ወረቀቱን ፈልጉት።

ገቢ

ከጆብሴንተር፣ የመንግሥት የሥራና የድጎማ ቢሮ፣ ድጎማ ሳትጠይቁ ራሳችሁንና ቤተሰባችሁን የምታስተዳድሩ መሆን አለባችሁ። አዲሱ ሕግ እዚህ ላይ ጠበቅ ብሏል። ሆኖም ባለፉት 24 ወራት ቢያንስ 20ውን ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው ደሞዙ አልበቃ ብሎት ድጎማ ቢጨመርለትም መብቱ አይቀርም። የልጆች አበል፣ ኪንደርጌልድ፣ ችግር የለውም።

ማስገባትና መጠበቅ

ማመልከቻው የሚገባው ለከተማችሁ ወይም ለወረዳችሁ የዜግነት ቢሮ ነው። በርሊን ውስጥ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሁሉም በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በኦንላይን ሆኗል። ክፍያው ለአዋቂ 255 ዩሮ፣ ከወላጅ ጋር ለሚያመለክትና የራሱ ገቢ ለሌለው ልጅ 51 ዩሮ ነው። ልጁ ራሱ 5 ዓመት ባይሞላውም ከእናንተ ጋር ሊገባ ይችላል።

ጉዳዩን «እናፋጥናለን» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ቢመጣ እለፉት። ያስገባችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ። አድራሻ፣ ሥራ ወይም የትዳር ሁኔታ ከተቀየረ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። ወረቀታችሁ ሙሉ ሆኖ ከ3 ወር በላይ ያለ በቂ ምክንያት ዝም ከተባላችሁ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል፤ ቢሮዎቹ በሥራ የተጨናነቁ ስለሆኑ ግን ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

የዜግነት ወረቀቱ ሲሰጣችሁ

ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ሕገ መንግሥቱንና ሕጎቹን አከብራለሁ የሚል ቃል በአፋችሁ ትገባላችሁ። ጀርመናዊ የምትሆኑት ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ነው፣ ውሳኔው በወጣበት ቀን አይደለም። ከዚያ በኋላ ሽታንደስአምት፣ ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ፣ ሄዳችሁ ከስማችሁ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሚሆን መምረጥ ትችላላችሁ። ባልና ሚስት ቀድመው ይነጋገሩበት፤ ልጆቹም የሚጠሩበት እሱ ነውና።

ስሙን ከወሰናችሁ በኋላ ነው ለመታወቂያና ለፓስፖርት የምታመለክቱት፣ አለዚያ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። 24 ዓመት ለሞላው ሰው ፓስፖርት 70 ዩሮ ነው፣ ለኤክስፕረስ ይጨመርበታል። እስኪደርስ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችልና የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁም ከዚህ በኋላ ስለማያገለግል፣ ለዚያ ሰሞን የአዲስ አበባ ትኬት አትቁረጡ። ቢጫ ካርዱ ተሠርቶ እስኪደርሳችሁ ወደ አገር ቤት የምትገቡት በቪዛ ነው።