ሳይመለመሉ የዩኒቨርሲቲ ኳስ ቡድን ውስጥ መግባት፦ ጎንደር ለተመደባችሁ ተማሪዎች

አሰልጣኝ በስም የሚጠራቸው ተጫዋቾች ወይ በክለብ ታዳጊ ቡድን ያለፉ፣ ወይ አምና የተጫወቱ ናቸው። ከእነሱ ውጭ ላለው ተማሪም በሩ አልተዘጋም። አንዱ ይመረቃል፣ ሌላው ይጎዳል፣ ሌላው ትምህርቱ ከብዶት ይተወዋል፤ ቦታ ይከፈታል። ሳይመለመል የሚገባው፣ ያ ቦታ በተከፈተበት ሰዓት ሰውነቱ ዝግጁ የሆነና አሰልጣኙ መልኩን የለመደው ተጫዋች ነው። ሁለቱም በሥራ የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

ዶርም በገባችሁበት ሳምንት ስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቡድኑ የትና በስንት ሰዓት ይለማመዳል? ተጫዋች የሚመረጥበት ሙከራ መቼ ነው? የትኛው ቦታ ላይ ሰው ያንሳቸዋል? ዩኒቨርሲቲው ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል እያለ በበርካታ ግቢዎች የተከፋፈለ ስለሆነ ልምምዱ ከምትማሩበት ግቢ ውጭ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻ ክላሳችሁ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ፣ ከዚያ ሜዳው ድረስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አስቀድማችሁ አስሉ። አርፍዶ መምጣት አዲስ ሰው ላይ ወዲያው ይታያል።

ከሦስቱ ጥያቄዎች ዋናው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን አይጠይቀውም። ለመጠየቅ ካፈራችሁ ሁለት ሦስት ልምምድ ዳር ቁማችሁ ተመልከቱና ቁጠሩ። አጥቂና አማካይ ነኝ የሚለው ሁልጊዜ ብዙ ነው። በግራ እግሩ የሚጫወት መስመር ተከላካይ፣ በአየር ኳስ የማይሸነፍ መሀል ተከላካይ፣ ሁለተኛ በረኛ ግን በቀላሉ አይገኝም። ሰፈር ውስጥ አጥቂ የነበረ ፈጣን ልጅ መስመር ተከላካይ ሆኖ ቢሞክር ዕድሉ በብዙ ይሰፋል። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ በሙከራ የሚወዳደረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከወንዶቹ ያነሰ ስለሆነ ጥሩ ሯጭ የሆነች ልጅ የኳስ ልምዷ አጭር ቢሆንም ከመሞከር ወደኋላ አትበል።

አሰልጣኙን የምታነጋግሩት ልምምድ ካለቀ በኋላ፣ በአጭሩ ነው። «ኮች፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በግራ እግሬ ነው የምጫወተው፣ መስመር ተከላካይ ነኝ። ሙከራው እስኪደርስ ከቡድኑ ጋር መሮጥ ይፈቀድልኛል?» ይበቃል። የት የት እንደተጫወታችሁ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከፈለገ ይጠይቃችኋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከመተማ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት አገሩ ላይ በሚሮጥበት ፍጥነት ከሮጠ በአስር ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ያኔ አቅም የለኝም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አቅሙ አለ፣ ሰውነቱ ገና አልለመደም። ለመልመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣችሁ ሙከራ በደረሳችሁ ሳምንት ይሁንልኝ አትበሉ፤ ምርጫ ካላችሁ ቀን ጠብቁ።

ስድስት ሳምንት ካላችሁ እንዲህ ከፋፍሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አራት ቀን፣ ከ25 እስከ 35 ደቂቃ፣ ከጓደኛ ጋር እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከአራቱ ቀን በሁለቱ 1 ደቂቃ በኃይል ሮጦ 1 ደቂቃ መራመድ፣ ስምንት ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት 15 ሰከንድ ፈጥኖ መሮጥ፣ 15 ሰከንድ ማረፍ፣ ለ8 ደቂቃ፤ 4 ደቂቃ አርፎ መድገም። ከሙከራው በፊት ያሉትን አራት ቀናት ቀለል አድርጉ። በመጨረሻው ቀን በሩጫ የሚጨመር አቅም የለም፤ የሚጨመረው ድካም ብቻ ነው።

የጎንደር ዳገት ለሳንባም ለጭንም ጥሩ ነው፤ ቁልቁለቱን ግን ተራመዱ። አስፋልት ላይ ቁልቁል መሮጥ ጭንን ለቀናት ያሳምማል፣ ጉልበትም ላይ ጫና ያበዛል። ለማሟሟቂያ የፊፋን «11+» ተለማመዱ። የ8 ደቂቃ ሩጫ፣ የ10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ የ2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ ነው፤ ከኳስ በስተቀር መሣሪያ አይፈልግም። በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ አዘውትረው የሠሩ ቡድኖች ጉዳታቸው በግልጽ ቀንሷል።

በሙከራ የሚያጋጥሙ የአቅም መለኪያዎች በአብዛኛው ሁለት ናቸው። አንዱ የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው። በ400 ሜትር መም ላይ 7 ዙር 2,800 ሜትር ይሆናል፤ አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ገደማ መጨረስ ማለት ነው። የሚያበላሸው የመጀመሪያው ዙር ነው። ከሰው ጋር ተያይዞ በ1 ደቂቃ ከ20 የጨረሰ ልጅ አምስተኛው ላይ ሲራመድ ይታያል። ሁለተኛው በድምፅ የሚመራው የ20 ሜትር ምልልስ ነው። በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው ገደማ 0.5 ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ 20 ሜትሩ 8.5 ሰከንድ ይሰጠዋል፣ አስረኛው ደረጃ ላይ 5.5 ብቻ። ድምፁን ቀድሞ ደርሶ መቆም ጉልበት ማባከን ነው። መስመሩ ላይ በግራና በቀኝ እግር እያፈራረቃችሁ ዙሩ፤ በአንድ እግር ብቻ የሚዞር ሰው ያ እግሩ ቀድሞ ይዝላል።

ታኬታ ለሙከራ ቀን አዲስ አይደረግም፤ ተረከዝ ይልጣል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተጫወቱበት። በበጋ መሬቱ ስለሚደርቅ አጭርና ብዙ ጥርስ ያለው ይሻላል፤ ረጅሙ ጥርስ የክረምት ጭቃ ላይ ነው የሚጠቅመው። ሰልባጅ ስትገዙ ሶሉን አጥፋችሁ ሙጫው መልቀቅ አለመልቀቁን እዩ።

ምግብ ላይ አንድ ሁለት ነገር። ከሙከራው ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብሉ፤ ለመጨረሻው ሰዓት በሶ ወይም ሙዝ ይበቃል። የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከምትበሉበት ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ላይ በርከት በሉ። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር አትጠጡ፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ ከእህሉ የሚገኘው የብረት ንጥረ ነገር (አይረን) ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያግዳሉና። ይህ በተለይ ለሴት ተጫዋቾች ይብሳል፤ በወር አበባ ብረት ስለሚያጡ።

ጨዋታው ሲጀመር ኳስ እግራችሁ ሥር የምትሆነው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አሰልጣኙ በቀረው ሰዓት የሚያየው አቋቋማችሁን፣ ኳስ ከተነጠቃችሁ በኋላ መመለሳችሁን፣ ከጎናችሁ ላለው ሰው መናገራችሁን ነው። ብዙዎች የሚወድቁት ሦስት ሰው ለማለፍ ሲሞክሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኳሶች በሁለት ንክኪ ለቅርብ ሰው ስጡ፤ ልብ ሲረጋጋ ሌላው ይመጣል። የቦታችሁን ሥራ ለመማር የከተማው ክለብ ፋሲል ከነማ ሲጫወት ዘጠናውን ደቂቃ አንድ ሰው ብቻ እዩ፣ ኳሱን ተዉት። አጼዎቹ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ያነሡ ቡድን ናቸው፤ ለመማሪያ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ቁርጭምጭሚት ቢዞር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አታሳሹት፣ አታሙቁት፤ እብጠቱን ያብሰዋል። በጨርቅ በረዶ ያዙበት፣ እሰሩት፣ ከፍ አድርጉት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ሆስፒታል ሄዳችሁ ራጅ ተነሡ።

ካልተመረጣችሁ አሰልጣኙን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ምን ላሻሽል?» ከዚያ ለልምምድ ሰው ሲጎድል ለመሙላት ፈቃደኛ መሆናችሁን ንገሩት፣ ስልካችሁን ተዉለት፣ በትምህርት ክፍሎች መካከል በሚደረግ ውድድርም በዚያው ቦታ ተጫወቱ። ለ11 ለ11 ልምምድ ሃያ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሃያ ሁለተኛ ሆኖ ሁልጊዜ የሚገኘው ልጅ ተቀያሪ ወንበር ላይ ለመድረስ ቅርብ ነው።

ከተመረጣችሁ ደግሞ ጉዞና ሚድ የሚጋጩበት ቀን ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ከቡድኑ ደብዳቤ አጽፉ፣ ለመምህሩ በእጃችሁ ስጡ፣ ማካካሻ ፈተናው የሚሰጥበትን ቀን አስቆርጡ፣ ፊርማ ያለበትን ቅጂም እናንተው ዘንድ አስቀምጡ።