በሆድ ውስጥ ለተሰራጨ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማፍሪያ) ካንሰር ኦፕራሲዮን እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

ይሄን የተማርኩት ታላቅ እህቴን ሳስታምም ነው፣ አሁን እናቱ ወይ ሚስቱ ኦፕራሲዮን ትሆናለች ለተባለ ሰው ነው የምጽፈው።

1. ሐኪም። ቶሎ ይሰራላት ብላችሁ ያገኛችሁት ሰርጅን ጋር አትሩጡ፣ በሴቶች ካንሰር ኦፕራሲዮን የሰለጠነ (ጋይኒ ኦንኮሎጂስት የሚሉት) ፈልጉ። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ አሉ። ወረፋው ያስጨንቃል፣ ግን በደንብ ያልተሰራ ኦፕራሲዮን ከወረፋው ይብሳል።

2. ሲቲ ስካን፣ ሲኤ 125 (የደም ምርመራ ነው)፣ ፓቶሎጂ (የናሙናው ውጤት)፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ያዙ።

3. ዋናው ይሄ ነው። በሽታው ሆድ ውስጥ እንደ ፈሰሰ ጤፍ ነው የሚበተነው፣ ሞራው ላይ፣ አንጀቱ ላይ፣ የሆድ ዕቃው ሽፋን ላይ፣ እስከ ድያፍራም (ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ) ስር ድረስ ይለጠፋል። ስለዚህ ማህፀኑ፣ ሁለቱም ኦቫሪዎች ከነቱቦአቸው፣ ሞራውም ይወጣል፣ አንዳንዴ የተነካው አንጀት ወይ ጣፊያም ይጨመራል። ግቡ በአይን የሚታይ ምንም እንዳይቀር ነው። ድሮ ከ1 ሴንቲሜትር በታች ከቀረ ይበቃል ይባል ነበር፣ አሁን የሚፈለገው ዜሮ ነው።

እና ዶክተሩን «ሁሉንም ማውጣት የሚቻል ይመስልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚያጠራጥር ከሆነ ወይ እሷ ከደከመች ኬሞ (የካንሰር መድሃኒት) ይቀድማል፣ ብዙ ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የሚባሉት መድሃኒቶች በየ3 ሳምንቱ 3 ዙር፣ ከዛ ኦፕራሲዮን፣ ከዛ ቀሪው ኬሞ። ዘመድ ይሄን ሲሰማ «ተስፋ ቆርጠውባት ነው» ይላል፣ በፍጹም! በ2010 የወጣ ትልቅ የአውሮፓ ጥናት በሽታው በጣም በተሰራጨባቸው ሴቶች ላይ ሁለቱን መንገዶች አወዳድሮ በሕይወት በሚቆዩበት ጊዜ ላይ ልዩነት አላገኘም፣ እንደውም ኬሞ የቀደመላቸው ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚገጥማቸው ችግር ያነሰ ነበር።

4. ለራሷ ንገሯት። እንዳትደነግጥ ብሎ መደበቅ እኛ ጋር የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። አንጀት ከተቆረጠ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል፣ ይሄን ነቅታ ስታየው ነው እውነተኛው ድንጋጤ። ሳትፈርም ትወቅ።

5. ደም የሚሰጡ ሰዎች አዘጋጁ፣ እንቁላልና ሥጋ ትብላ፣ ጾም ከሆነ የንስሐ አባቷን አነጋግሩ። የባህል መድሃኒት ከወሰደች ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ፣ ደም መፍሰስ የሚያባብስ አለ።

6. ከኦፕራሲዮን በኋላ ሐኪሙ እንደፈቀደ አስነስታችሁ አራምዷት። የደም መርጋት መከላከያ መርፌ እስከ 28 ቀን ሊታዘዝ ይችላል፣ እቤት ገባች ብላችሁ አታቋርጡ። አንድ እግሯ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራት ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ስትወጡ ደግሞ ምን ያህል በሽታ እንደቀረ ወረቀቱ ላይ ይጻፍላችሁ፣ ኬሞ የሚሰጣት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።