ሲሞቅ የሚጠፋ የድሮ ቬስፓ፦ የእሳት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ፑንቲና፣ ማለትም እሳት እንዲወጣ ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ፣ ላላቸው የድሮ ቬስፓዎች ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ለተሠሩት 150 ሱፐር፣ ስፕሪንትና መሰሎቻቸው። ቤንዚን መኖሩን፣ ካንዴላው ንጹሕ መሆኑንና ክፍተቱ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ መሆኑን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ። እሳት የምለው ካንዴላው ላይ የሚዘለውን ብልጭታ ነው።

ጨርሶ እሳት የለውም

ብዙ ጊዜ ቆሞ የከረመ ከሆነ ፑንቲናው ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይይዛል። ወፍራም ንጹሕ ወረቀት በቤንዚን አርሳችሁ በጫፎቹ መሃል አስገቡ፤ ፑንቲናውን ዘግታችሁ ወረቀቱን ሳቡት። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። ፍርፋሪው እዚያው ተሰክቶ ይቀርና ነገ ሌላ ችግር ይሆናል። አዲስ ፑንቲናም ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት ስለሚቀባ ሳይጠረግ አይገጠም።

ፑንቲናው ንጹሕ ሆኖም እሳት ከሌለ የማጥፊያውን ሽቦ ከኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው ጥቅል) ላይ ነቅላችሁ ሞክሩ። እሳቱ ከተመለሰ ኮይሉ ደህና ነው፤ ልባሱ የተላጠው ሽቦ አንድ ቦታ ማሳ (የሞተሩን ወይም የቬስፓውን ብረት) እየነካ ነው ማለት ነው። ይህን ሳይሞክሩ ኮይል የሚገዙ ሰዎችን ሳይ ያሳዝነኛል።

ፑንቲናው በተጠረገ በጥቂት ቀን ውስጥ ዘይት ከጠጣ በፍላይዊሉ (ማግኔት ባለው የሞተሩ ተሽከርካሪ ጎማ) በኩል ያለው ኦይል ሲል፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል። እሱ ሳይቀየር መጥረጉ ዋጋ የለውም።

ቀዝቃዛ ሲሆን ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሳል

በተደጋጋሚ የሚመጣልኝ ይኸኛው ነው። ጠዋት በአንድ እርግጫ ይነሳል። ዳገት ላይ መንተፍተፍ ይጀምራል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ሲቆም ምንም እንዳልሆነ ይነሳና እንደገና ዳገቱ ላይ ይቆማል። ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋትና ማታ ብቻ የሚነዳ ቬስፓ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ሙቀቱን ነበር የሚወቅሰው።

ጥፋተኛው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኮንደንሰሩ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት በጥቅል ሽቦው ውስጥ ሲሄድ የነበረው ኤሌክትሪክ ድንገት መቆም እምቢ ይላል፤ መውጫ ካጣ በፑንቲናው ጫፎች መሃል ዘሎ ያልፋል። ኮንደንሰሩ ያንን ኃይል ለቅጽበት ይቀበለዋል። ፑንቲናው ከመቃጠል ይድናል፣ ካንዴላው ላይም ጠንካራ እሳት ይወጣል። በእነዚህ ቬስፓዎች ላይ ኮንደንሰሩ የተቀመጠው ከፍላይዊሉ ጀርባ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር ተጣብቆ ነው። ውስጡ ያለው መከላከያ ካረጀ ሲሞቅ ያሳልፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል።

ግን ከመፍታታችሁ በፊት አረጋግጡ። ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ትርፍ ካንዴላ በፒፓው (በካንዴላው ሽቦ ጫፍ ባለው ኮፍያ) ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ እርገጡ። የሞተሩን ካንዴላ አትንቀሉ፤ በቀዳዳው የሚረጨው ቤንዚን ከብልጭታው ጋር ከተገናኘ ይቀጣጠላል። ፒፓውን በባዶ እጅ አትያዙ። እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ኮንደንሰሩን ተዉትና የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፤ የክዳኑ መተንፈሻ ሲደፈን ምልክቱ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እሳቱ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ወይም ከሌለ ወደ ኮንደንሰሩ ሂዱ። የፊት መብራቱ ደምቆ መታየቱ አያታልላችሁ፤ መብራቱ የራሱ ጥቅል ሽቦ አለው።

ሌላው ማረጋገጫ በዓይን የሚታይ ነው። ሲመሽ ሞተሩን አስነስታችሁ በፍላይዊሉ መስኮት ፑንቲናውን ተመልከቱ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። ደማቅ ቢጫ ነበልባል ካያችሁ ኮንደንሰሩ ሥራውን አቁሟል። ፑንቲናው ሲፈታም አንዱ ጫፍ ጎድጉዶ ሌላው ላይ ጉብታ ታገኛላችሁ።

አንድ የእቃ አመላላሽ ልጅ ፑንቲና በየጊዜው እየገዛ ይቀይር ነበር፤ አዲሱም ወዲያው እየነደደ። ሻጩም መካኒኩም «ፑንቲናው ፎርጅድ ነው» ይሉታል። ፑንቲናው ምንም አልነበረም፤ ያነደደው አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር ነው። ሌላው ደንበኛ በዚሁ ምልክት ካርቡራቶር አስለውጦ፣ ታንከር አሳጥቦ፣ በመጨረሻ የፒስቶን ቀለበት አስቀይሮ ነው የመጣው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ማንም ኮንደንሰሩን አሙቆ ስላልለካው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማይክሮፋራድ የሚያነብ ቴስተር ይኑራችሁ። የተፈታው ኮንደንሰር ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ማሳየት አለበት። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩትና እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከዘለለ ይጣል። ቴስተሩ መጥፎ ነው ካላችሁ እመኑት፤ ደህና ነው ካላችሁ ግን አትመኑት። ቴስተር የሚለካው በጥቂት ቮልት ነው፣ ፑንቲናው ሲከፈት የሚፈጠረው ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ነው።

አሁን ስለ መለዋወጫው። ሱቅ ውስጥ ከሚሸጡት አዳዲስ ርካሽ ኮንደንሰሮች ብዙዎቹ ከማሸጊያቸው ሳይወጡ የሞቱ ናቸው። ሳትለኩ አትግዙ፤ ልኬት የሚከለክል ሻጭ ጋ አትቁሙ። «የድሮ ኦሪጅናል ጣሊያን» ተብሎ በውድ የሚሸጠውም አያዋጣም፤ ውስጡ ወረቀት የሆነ ኮንደንሰር መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

በትንሽ ወጪ የሚሠራው መፍትሄ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፑንቲና መኪና ኮንደንሰር ነው፤ የቮልስ ወይም የላዳ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈልጉት። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ከቴሌቪዥን ጠጋኝ የሚገኝ፣ ላዩ ላይ 224 እና 630 ቮልት የተጻፈበት የፕላስቲክ ፊልም ኮንደንሰር ነው። 224 ማለት 0.22 ማይክሮፋራድ ነው። ከ630 በታች አትውሰዱ፤ ዲስክ የሚመስለውን ሴራሚክ ወይም ፕላስና ማይነስ ያለውን በርሜል ዓይነት ጭራሽ አትግጠሙ። ከአሮጌ ቴሌቪዥን ራሳችሁ አትንቀሉ፤ ጠጋኙ ይንቀልላችሁ። ከሶኬት ተነቅሎም ሰው የሚገድል ኃይል ውስጡ ይቀራል።

አዲሱን ወደ ድሮው ቦታ አትመልሱት። ከፑንቲናው የሚወጣው ሽቦ ውጭ ወዳለው ኮይል ይመጣል፤ የኮንደንሰሩን አንድ እግር እዚያ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን እግር የተፈገፈገ ንጹሕ ማሳ ላይ እሰሩ። እግሮቹ በንዝረት እንዳይሰበሩ ኮንደንሰሩን አጥብቃችሁ ያዙት። እዚያ አየር ያገኛል፣ መንገድ ላይ ቢበላሽም ፍላይዊል ሳይፈታ ይቀየራል።

አሮጌውን ግን ቁረጡት! አዲሱን ውጭ አስረው አሮጌውን ውስጥ እንደተያያዘ የሚተዉ አሉ። አሮጌው ሲሞቅ ወደ ማሳ ማሳለፉን ስለማያቆም ቬስፓው እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል፣ ከዚያም «ያ መላ አይሠራም» ይባላል።

ፍላይዊሉን ስትፈቱ ዳዶው ከላላ በኋላ እንደገና ይጠነክራል። ይህ ልክ ነው፤ ዳዶው ፍላይዊሉ መሃል ላይ ያለውን ቀለበት ገፍቶ ፍላይዊሉን ራሱ ያወጣዋል፣ ፍታታችሁን ቀጥሉ። ቀለበቱ ከጠፋ መንቀያ ተዋሱ። በመዶሻ አትምቱ፣ በካቻቢቴም አትፈንቅሉ፤ ማራገቢያ ክንፉ ይሰበራል። ውስጡ ያለውን፣ ፑንቲናውና ጥቅል ሽቦዎቹ የታሰሩበትን ሳህን የምታነሱ ከሆነ አስቀድማችሁ የነበረበትን ቦታ በመርፌ ጫሩ፤ ካልጫራችሁ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚወጣበት ትክክለኛ ቅጽበት) ይጠፋል። ከመመለሳችሁ በፊት ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ ብሎን ወይም የብረት ፍርፋሪ እንደሌለ በጣታችሁ ዳስሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ሲሞቅ ከጠፋ ኮይሉን ከደህና ቬስፓ ተውሳችሁ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ሳህኑ ላይ ያለው ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ እየተቋረጠ ነው፤ አስጠቅልሉት።

ይነሳል ግን ጉልበት የለውም፣ ይሞቃል

ፑንቲናው ካሙን (እየዞረ የሚከፍተውን ጉብታ) የሚነካበት ፋይበር አልቋል። የፑንቲናው ክፍተት ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። በፊለር (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ አስተካክሉ፤ እኔ 0.4 ላይ አቆመዋለሁ። ካሙን የሚቀባውን ሱፍ ጥቂት ግሪስ አስነኩት። ብዙ ከሆነ ተረጭቶ ፑንቲናው ላይ ያርፋል።

ሲረገጥ መልሶ ይመታል ወይም በማርሚታ ይተኩሳል

ፍላይዊሉን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያይዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ብረት ተቆርጧል፤ ብዙ ጊዜ ዳዶው በደንብ ስላልጠበቀ ነው። ከምስማር ሞርዳችሁ አትተኩት።

ሁሉም ደህና ሆኖ እሳቱ ቀጭን ነው

አልፎ አልፎ የፍላይዊሉ ማግኔት ይደክማል፤ ማግኔት የሚሞላ ባለሙያ ጋ ውሰዱት።