ለጉዞ ኢንተርኔት የሞባይል ቀፎና የዳታ ፓኬጅ እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀፎ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሲም ካርድ ያወጣል፤ ስለ ዳታ ፓኬጅ ማሰብ የሚጀምረው ግን የሞላው ካርድ በግማሽ ቀን ሲያልቅበት ነው። በታክሲም ሆነ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ኢንተርኔት መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይሻላል።

በመጀመሪያ ፍጆታዎን ይወቁ። በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ሲከፍቱ እያንዳንዱ መተግበሪያ በወሩ ምን ያህል እንደወሰደ በዝርዝር ይታያል። የጽሑፍ መልእክት የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዳታ የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ፣ በየቀኑ መንገድ ላይ ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ የሚያይ ሰው በወር ከ13 ጊጋባይት በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ ኔትወርኩን ይምረጡ። ሳፋሪኮም በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ማወዳደር ተችሏል። ይሁን እንጂ የሚወዳደረው በማስታወቂያ ሳይሆን እርስዎ በሚውሉበት ቦታ ነው፤ ዋናው ጎዳና ላይ የሚፈጥን ኔትወርክ ከሕንፃው ምድር ቤት ሲገቡ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሌላውን ኔትወርክ የሚጠቀም ወዳጅዎ ቤትዎና መሥሪያ ቤትዎ ሲመጣ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ከፍታችሁ ሞክሩ። ሁለት ሲም በሚቀበል ቀፎ 09ኙን ለጥሪ፣ 07ቱን ለዳታ ወይም በተቃራኒው መጠቀምም ይቻላል። ሲም ካርድዎ ብዙ ዓመት የቆየ ከሆነ 4ጂ ላይደግፍ ስለሚችል በአገልግሎት ማእከል ያስቀይሩት።

ፓኬጅ ሲመርጡ በ*999# (ኢትዮ ቴሌኮም) ወይም በ*777# (ሳፋሪኮም) የሚመጣውን ዝርዝር ይክፈቱና ዋጋውን ለሜጋባይቱ ያካፍሉ፤ አንዱ ሜጋባይት ስንት ሳንቲም እንደሚወድቅ ሳያሰሉ ርካሹን መለየት ያስቸግራል። ከዚያም የአገልግሎት ጊዜውን ይመልከቱ። አራት ሳምንታዊ ፓኬጆች የሚሸፍኑት 28 ቀን ብቻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ርካሽ የሆነ ትልቅ ፓኬጅም ጊዜው ካለፈበት የቀረው ዳታ ሊባክን ይችላል። የሌሊት ፓኬጅ ፊልም እያወረዱ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ጥሩ ነው፤ ቀን ቀን ለሚጓዝ ሰው ግን የሚጠቅመው ከመንገዱ በፊት ሌሊቱን ካወረደ ብቻ ነው። ያልተገደበ የሚል ስም ካዩ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ውሉን ያንብቡ።

ቀፎው ላይ ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። 4ጂ ግዴታ ነው፤ ለ5ጂ ተጨማሪ መክፈል ግን፣ የሚውሉበት አካባቢ 5ጂ እንደደረሰው ካላረጋገጡ በቀር፣ አሁን የሚያስቸኩል አይመስለኝም። ይልቅስ ባትሪውን ይመልከቱ፤ ኔትወርክ በሳሳበት መንገድ ስልኩ ሲግናል ፍለጋ ኃይሉን ስለሚጨርስ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ይመረጣል። የሲም ማስገቢያውንም አስወጥተው ይዩት፤ አንዳንዱ ቀፎ ሁለት ሲምና ሚሞሪ ካርድ ለየብቻ ይቀበላል፣ ሌላው ግን ሁለተኛውን ሲም ወይም ሚሞሪውን እንዲመርጡ ያስገድዳል።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ ስልክ ሁለት ነገር ይጠየቅበታል። አንደኛው፣ በቴሌኮም ድርጅቱ ተቆልፎ እንደሆነ ነው፤ የተቆለፈ ስልክ የእኛን ሲም አይቀበልም። ሁለተኛው የአይፎን ጉዳይ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡ ዋና ዋና ሞዴሎች የሲም ማስገቢያ ስለሌላቸው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ብቻ ይሠራሉ። ያገለገለ ስልክ መርካቶ ሲገዙም *#06# ደውለው የሚወጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ ሻጩ ኦሪጅናል ነው ማለቱ ማስረጃ አይሆንም።

ስልኩን እንደከፈቱ መጀመሪያ ቴሌግራም ውስጥ ይግቡና በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ያጥፉት፤ ብዙ ቻናል የሚከታተል ሰው ፓኬጁ የት እንደገባ የማያውቀው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። የመተግበሪያ ማሻሻያም በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን ያድርጉ። በመጨረሻም በስልኩ ሴቲንግ የዳታ አጠቃቀም ውስጥ ያለውን የዳታ ገደብ ከፓኬጅዎ መጠን ትንሽ ዝቅ አድርገው ይሙሉ፤ ፓኬጁ ሲያልቅ ከዋናው ሒሳብ መቁረጥ ሳይጀምር ስልኩ ራሱ ዳታውን ያጠፋዋል።