ጅብ ነው ወይስ ውሻ? ድምፅ ለይቶ የሚጠቁም ፕሮግራምን መፈተሽ

እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ ውስጥ መቅጃ ሰቅሎ የጅብ ድምፅ በኮምፒውተር የሚያስለቅም ተመራማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው «99 በመቶ ትክክል» የሚል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚነግረን ነገር የለም።

ሒሳቡን እንሥራው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተቀዳ ድምፅ በ3 ሰከንድ ሲቆራረጥ 14,400 ቁራጭ ይሆናል። ጅብ የሚሰማው በ72ቱ ብቻ ነው እንበል። ሌሊቱን ሙሉ «ጅብ የለም» እያለ የሚያድር ፕሮግራም 99.5 በመቶ ትክክል ነው። የእናንተው 90 ጊዜ ጠቁሞ 54ቱ እውነት ቢሆኑ፣ 36ቱ የሐሰት ጥቆማ ናቸው፤ 18 ቁራጭ ደግሞ አምልጦታል። በጥቅሉ ሲታይ 99.6 በመቶ፤ ከሰነፉ እምብዛም አይሻልም።

ስለዚህ ሁለት ቁጥር ለየብቻ ያዙ። ከጠቆመው ውስጥ እውነቱ ስንት ነው? ይህ ፕሪሲዥን ነው፤ እዚህ 60 በመቶ። ከነበረው ውስጥ ያገኘው ስንቱን ነው? ይህ ሪኮል ነው፤ 75 በመቶ።

ፕሪሲዥን ቀላል ነው፤ ጥቆማዎቹን እየከፈቱ ማድመጥ ይበቃል። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ያቆማል። ያመለጠው ድምፅ ግን ጥቆማው ውስጥ የለም፤ ፕሮግራሙ ዝም ያለበትንም ሰዓት ማድመጥ ግድ ይላል። ከሁሉም መቅጃና ከሁሉም ሌሊት ሰዓታትን በዕጣ አውጡ። ሁለት ሰዎች የፕሮግራሙን ውጤት ሳያዩ፣ በጆሮ ማዳመጫና በስፔክትሮግራም (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት በጊዜ ቅደም ተከተል በሚያሳይ ሥዕል)፣ ለየብቻ ምልክት ያድርጉ። የጅብ ጩኸት ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሳብ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል፤ የውሻ ጩኸት አጭርና የተቆራረጠ ነው። የሚያላዝን ውሻ ግን ሰውንም ያሳስታል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይፍረድ፤ ስንት ጊዜ እንዳልተስማሙም ይመዝገብ። ሰው ያልተስማማበትን ፕሮግራሙ ሳተ ብሎ መክሰስ አግባብ አይደለም።

በሁለት ቁራጭ መካከል የወደቀ ጩኸት አንድ ነው ወይስ ሁለት? ከመቁጠራችሁ በፊት ወስኑ፤ ውጤቱን ካዩ በኋላ መወሰን ራስን ማታለል ነው።

ፕሮግራሙ ለየጥቆማው ከ0 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣል። 0.8 ማለት ግን የግድ «ከአሥር ስምንቱ እውነት» ማለት አይደለም። መቁረጫውን፣ ማለትም «ጅብ ነው» ብሎ ለመጠቆም የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ነጥብ፣ ከፍ ስታደርጉ የሐሰት ጥቆማው ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ ያመለጠው ይበዛል። መቁረጫውን የመረጣችሁበትና የፈተናችሁበት ቅጂ የተለያየ ይሁን፤ ቢቻል ቦታውም። ከአንድ ሌሊት ግማሹን ለመምረጫ፣ ግማሹን ለመፈተኛ ማድረግ አይሆንም፤ ያው ጅብ፣ ያው ነፋስ ነውና።

ከ72 ውስጥ 54 ሲገኝ ሪኮሉ 75 ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ የ95 በመቶ ክልሉ (እውነተኛው ሪኮል ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ስፋት) ከ64 እስከ 84 በመቶ አካባቢ ነው። ያም ቁራጮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። ጅብ ደግሞ ደጋግሞ ነው የሚጮኸው፤ ስለዚህ ክልሉን በቁራጭ ሳይሆን በሌሊት ቆጥራችሁ አስሉት፤ ይሰፋል።

ነሐሴን ለብቻው ፈትኑ። ዝናቡ የሩቁን ጩኸት ይውጠዋል፤ በፍልሰታ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይጨመርበታል። በጥር የተገኘ ሪኮል ለነሐሴ ከተወሰደ፣ ያልተሰማው ጅብ እንደሌለ ተቆጥሮ «በክረምት ጅቡ ቀነሰ» ይባላል።